ሰሊማ ለሆኪ የላከቻቸው ሽማግሌዎች

ከሚሴ ውስጥ ከሰሊማ በላይ ሽማግሌ የላከ ወንድ የለም። ወንዱ ለአንድ ሚስት ይልካል፤ ልቡ ደፈር ያለው ለሁለተኛዋም ይልካል። ሰሊማ ግን ለበረኛ ላከች፣ ለተከላካይ ላከች፣ ለአጥቂ ላከች፤ ለተቀያሪ እንኳ ሳይቀር ላከች። ለራሷ ሽማግሌ መጥቶላት ያውቅ እንደሆነ ከተማው ሁለት ዓይነት ወሬ አለው። አልመጣም የሚሉ አሉ። መጥቶ ነበር፣ ግን ልምምድ ላይ ናት ተብሎ ከደጅ ተመለሰ የሚሉም አሉ። ሁለተኛው ወሬ ስለሚጥም ብዙ ሰው የሚያምነው እሱን ነው።

ሰሊማ የመምህራን ኮሌጅ የስፖርት አስተማሪ ናት። አንድ ክረምት መምህራኑ ባሕር ዳር ለሥልጠና ሄዱ፤ ሌላው መምህር ሰርተፍኬት ይዞ ሲመለስ እሷ ሆኪ ይዛ መጣች። በቆልማማ ዱላ ትንሽ ኳስ እየመቱ ጎል የሚያገቡበት ጨዋታ ነው። ከገና ጨዋታ ብዙም አይርቅምና ከሚሴ አዲስ ስም ለመልመድ አልደከመችም፤ "ገና" ብላው አረፈች። ዱላውን አናጢ ከወይራ ጠረበላቸው። ሜዳው ከጠዋት የተማሪ፣ ከሰዓት የፍየል ነበር። የሰፈሩ አስታራቂ ሼህ ሙሀመድአሚን ከዙሁር፣ ከቀትሩ ሶላት ሲመለሱ ሜዳው ዳር ቆም ይሉና፣

"ሰሊማ፣ ልጄ፣ ገና በታኅሣሥ መጨረሻ መስሎኝ! እናንተ በሐጅ ወርም ትጫወቱታላችሁ?" ይሏታል።

"ሼሁ፣ እኛ ወር አንመርጥም። ፍየሎቹ ከወጡልን ይበቃናል።"

ችግሩ ፍየሎቹ አልነበሩም፤ አባቶቹ ነበሩ። ልጁ ኮሌጅ እንድትማር የፈቀደ አባት፣ ዱላ ይዛ ደሴና ደብረ ብርሃን እንድትዞር አይፈቅድም። ሰሊማ መጀመሪያ ራሷ እየሄደች ለመነች። አንዱ "ቤት የለሽም እንዴ?" አላት። ሌላው ለልጁ ዱላ መስጠት ለአማቹ ጠላት መግዛት ነው ብሎ ሸኛት። ተስፋ ቆርጣ ስትመለስ ሼሁ መንገድ ላይ አገኟት።

"አንቺ ልጅ፣ ሰው ልጁን በወሬ አይሰጥም" አሉ። "ሽማግሌ ላኪ።"

"ለኳስ?"

"ለምንም ይሁን። አባት ሽማግሌ ሲያይ የሚሰጠው እምቢታ ያጥረዋል። እኔ እወጣልሻለሁ።"

ወጡላትም። ሽማግሌ በማለዳ ይሄዳል፣ ደጅ ላይ ይቆማል፣ ተቀመጡ ቢባል የመጣንበት ሳይደርስልን አንቀመጥም ይላል። ሼሁና ጓደኞቻቸው ለሰሊማ ስንቱ ደጅ ላይ ቆሙ! አባትየው ሲረታ የልጁን እጅ ይይዝና በሰሊማ እጅ ላይ ያደርገዋል፤ "በአማና ሰጥቼሻለሁ" ይላል። አማና ቀላል ነገር አይደለም። አምነው የሰጡህን በሰጡህ መልኩ ትመልሳለህ፤ ካጠፋኸው በዱንያም በአኼራም፣ በዚህም በወዲያኛውም ዓለም፣ ትጠየቅበታለህ።

ሰሊማም የዋዛ አልነበረችም። ከውድድር መልስ ልጆቹን መናኸሪያ አትበትንም። እያንዳንዷን እደጇ ድረስ ወስዳ፣ እጇን በአባቷ እጅ አድርጋ፣ "አማናዎን ይረከቡ" ካላለች አትመለስም። አንድ ጊዜ የአንዷ አጎት መንገድ ድረስ መጥቶ እኔ ልውሰዳት ቢል፣ "አጎት አባት አይደለም" ብላ አልሰጠችውም። ሰውየው ከልጁና ከአሰልጣኟ ኋላ እንደ ሦስተኛ ልጅ እየተከተለ እቤት ገባ።

የሰንበቴ ከተማ ልጅ የሆነችውን ዓፊያን ለማምጣት የሄዱ ዕለት የሆነውን ሼሁ እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ሳይስቁ መጨረስ አይችሉም ነበር። አሁን አያወሩትም። አባቷ ከማል የከብት ነጋዴ ነው። ሽማግሌዎቹን ከሩቅ ሲያይ ፊቱ በርቶ ለእርድ በግ አሳስሮ ጠበቃቸው።

"አካም ቡልተን! እንዴት አደራችሁ! ግቡ፣ ግቡ እንጂ!"

"የመጣንበት ሳይደርስልን አንቀመጥም" አሉ ሼሁ።

"ግድ የለም። ልጁ የማን ልጅ ነው?"

"ልጅ የለም።"

"ጎልማሳ ነው እንዴ?"

"ጎልማሳም የለም። ቡድን ነው።"

ከማል ወደ ሚስቱ ወደ መሊካ ዞረ። "ቡድን ይላሉ እኮ! ስንት ሆነው ሊያገቧት ነው?"

"አስተግፊሩላህ!" አሉ ሼሁ፤ ሳቁ ግን አመለጣቸው። ከኋላቸው የቆመችው ሰሊማ ወደ ፊት ወጣች።

"ጋሼ ከማል፣ ፈላጊዋ እኔ ነኝ። ሆኪ ላጫውታት ነው።"

ከማል አያት፣ ሽማግሌዎቹን አየ፣ በጉን አየ። "ያን በግ ፍቱት፤ ይሂድ" አለ።

መሊካ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ሳቀች፤ ዓፊያ ጓዳ ሆና ሳቀች፤ እዚያ ደጅ ላይ ያልሳቀ በጉ ብቻ ነው። እንግዲህ የሳቀ አባት እምቢ ማለት ይቸግረዋል። ረፋዱ ላይ ከማል የልጁን እጅ ይዞ መጣ።

"ለአንድ ጉዞ አልሰጥሽም" አለ። "እየደጋገምሽ ሽማግሌ ባመጣሽ ቁጥር በግ ስፈታ አልኖርም። እስክትመረቅና እጇን በእጄ እስክታደርጊ በአንቺ አማና ናት።"

ከሌሎቹ አባቶች የተቀበለችው አማና ሄዶ እስከመመለስ ነበር። ይኼኛው ረጅም ነው። ሰሊማ አላመነታችም። "ተረክቤያለሁ" አለች።

ዓፊያ ቀጭን፣ ቅልጥመ ረጅም ልጅ ናት። ትንፋሽ የሚባል ነገር አያልቅባትም። ኳሱን ከዱላዋ ጫፍ ላይ የሰፋችው ነው የሚመስለው። ሰሊማ ከሁሉም አብልጣ ታስሮጣት ነበር፤ ሌሎቹ ቁጭ ብለው ውሃ ሲጠጡ እሷን የቦርከናን ወንዝ ዳር ይዘሽ ሮጠሽ ነይ ትላታለች። በሁለተኛው ዓመት ደሴ ላይ የኮሌጆችን ዋንጫ ወሰዱ። ከሚሴ ሲገቡ ባጃጁ ሁሉ ጡሩምባውን እየነፋ ተቀበላቸው። ከዚያ ቀን ወዲያ ጨዋታውን "ገና" ያለ ሰው በባጃጅ ሹፌሮች ይገሠጽ ጀመር።

ዋንጫ ግን እንጀራ አይሆንም። የመጀመሪያዋ አምበል ጀነት ከተመረቀች ሰንብታለች፤ ምደባ እየጠበቀች እናቷ ቤት ቁጭ ብላለች። ልምምድ ሲያልቅ ዓፊያ ትጠይቃለች።

"ኮች፣ ጀነት ሥራ አገኘች?"

"ኢንሻአላህ ታገኛለች።"

"አምናም ኢንሻአላህ ብለሽ ነበር እኮ።"

"ታዲያ ኢንሻአላህ ይበላሻል እንዴ? ሩጪ!"

ልጅቷ ትስቅና ትሮጣለች። ሰንበቴ ያሉ እኩዮቿ ሪያድ ሆነው ለእናቶቻቸው የብሎኬት ቤት ማሠራታቸውን ሰሊማ ታውቃለች። በድርቁ ዓመት ከማል ከብቶቹ አልቀውበት የሌላ ሰው ከብት እየነዳ መኖሩንም ታውቃለች። ዓፊያ ግን ልትመረቅ የቀራት ጥቂት ነበር። ለመመረቅ ጥቂት የቀራት ሰው ትጠፋለች ብሎ ማን ያስባል?

ረመዳን ሲቃረብ የእኛ አገር ሰው ይቅር መባባል ልማዱ ነው። በጾሙ ዋዜማ ቂም ይዞ የሚገባ የለም፤ ጎረቤት ለጎረቤት፣ ባል ለሚስት፣ ተማሪ ለአስተማሪ "አውፍ በይኝ" ይላል፤ "አውፍ ብያለሁ፣ አንተም በለኝ" ይባባላል። ያን ሰሞን ልጆቹ የመጨረሻውን ልምምድ ጨርሰው ተሰልፈው ሰሊማን አውፍ አስባሉ፤ ዓፊያም ከነሱ ጋር አስባለች። በማግሥቱ ሰሊማ ለጾሙ እየዞረች ወደየቤታቸው ልታደርሳቸው ነው። አመሻሹ ላይ ዓፊያ ለብቻዋ ሰሊማ ቤት መጣች።

"ኮች፣ አውፍ በይኝ።"

"ቅድም ብዬሽ!"

"ድገሚልኝ።"

"ምነው፣ ስንት ጎል ልትስቺ ነው?"

ዓፊያ ጎንበስ ብላ ጉልበቷን ሳመች፤ ሰሊማ የልጅቱ ዓይን እንባ መሙላቱን አየች። የረመዳን ዋዜማ ስንቱን ያስለቅሳል፤ ልቧ ለስልሶ ነው ብላ አሰበች። ደስም አላት። "አውፍ ብዬሻለሁ፣ በዱንያም በአኼራም። አብሽሪ፣ አሁን ሂጂና ተኚ" አለቻት። ሩቅ መንገድ የሚወጣ ሰውም ከመውጣቱ በፊት አውፍ በሉኝ እንደሚል ያልተማረ የለም፤ ሰሊማም ከእናቷ ጡት ጋር የጠባችው ነው። ግን ዋዜማው ዋዜማ ነበረና ሌላውን አላሰበችውም።

በማግሥቱ መናኸሪያ ዓፊያ አልመጣችም። ስልኳ ተዘግቷል። በረኛዋ ሪሀና ማልቀስ ጀመረች።

"ኮች፣ እንዳልናገር አስምላኝ ነው። በባቲ ወጥታለች። በአፋር አድርገው ወደ ጅቡቲ፣ ከዚያ በባሕር።"

ሰሊማ ሌሎቹን ልጆች ለሪሀና ትታ ባቲ ወረደች። በዕድሜዋ ልጆችን መናኸሪያ የተወችው ያን ቀን ብቻ ነው። ባቲ ሰኞ ገበያው ነው፤ ግመሉ፣ ፍየሉ፣ ሰዉ አቧራ ለብሶ ይተራመሳል። ቀጭን ልጅ፣ ረጅም ልጅ እያለች ጠየቀች። አንዱ ትከሻውን ነቀነቀ፣ ሌላው ሰደባት። መጨረሻ ላይ አንድ ግመል ነጂ ዘመዱ ሌሊቱን በእግር ከሸኛቸው መንገደኞች መካከል ያቺን ልጅ አስታወሰ።

"እሷማ ሌሊቱን ሌላው ሲወድቅ ከፊት ከፊት ትሄድ ነበር አሉ፤ የሰው ጓዝ እየተሸከመች። ወላሂ እንዲህ ያለ እግር! ማነው ያሠለጠናት?"

ሰሊማ ፊቷን ወደ መናኸሪያው አዞረች።

ሰንበቴ ብቻዋን ሄደች። ደጁ ላይ ቆመች። ተቀመጪ ቢሏት አልቀመጥም አለች። ከማል ከኋላዋ ዓፊያን ፈለገ፤ አጣት። ሰሊማ ነገረችው። ይጮኻል ብላ ጠብቃ ነበር፤ ይመታኛል ብላም ፈርታ ነበር። አልጮኸም፣ አልመታትም።

"ልጅ ናት፤ ሄደች" አለ። "አማናዬ ግን አንቺ ጋ ነው። ስታገኚያት አምጫት።"

ጾሙ ገባ፣ ዒድ ዋለ። ከዚያ በኋላ አንድ የባቲ ልጅ ከጅቡቲ ተመልሶ መጣ። ዓፊያ በገባችበት ጀልባ ገብቶ ነበር፤ ጀልባዋ ከዳርቻው ሳትርቅ ተገለበጠች፤ እሱን ማዕበሉ ተፋው። ዓፊያ አንዲት ሴትዮን ደግፋ ስትይዝ አይቷል፤ ስትወጣ አላየም። ሬሳም አልተገኘም። ወሬው ሰንበቴ ሲደርስ ሽማግሌዎቹ ሬሳ በሌለበት የሚሰገደውን ሶላተል ጋኢብ እንስገድ፣ ስለ ነፍሷ ሶደቃ እናውጣ አሉ። ከማል እምቢ አለ።

"ስትሞት ያየ አለ? የለም። ልጄ አማና ላይ ናት። ሰሊማ ስታመጣት ትመጣለች።"

ቤቱ ውስጥ እንዳይለቀስ ከለከለ። መሊካ ልጇ ጠፍታ ጎረቤት "አላህ ያጽናሽ" ሊላት አልቻለም፤ እሷም ልታለቅስ አልቻለችም። ውሃ ስትቀዳ፣ ከብት ስታበላ፣ ከንፈሯን ነክሳ ኖረች። ኮሌጁ ለአዲሱ ውድድር ቡድን አደራጂ ሲላት ሰሊማ፣ "የማን አባት ደጅ ልቁም?" ብላ ተመለሰች። ሼሁም ሽማግሌ ልሁንልሽ አላሏትም። ሜዳው ሙሉ ቀን የፍየል ሆነ።

አንድ የገበያ ቀን መሊካ ከሚሴ መጣች። ሰሊማን ግቢዋ አገኘቻት።

"ሰሊማ፣ ልጄን ላልቅሳት" አለች። "እሱ አንቺን ነው የሚጠብቀው። ልትመልሺያት እንደማትችይ ከአንቺ አፍ ካልሰማ አይሰማም። አማናውን ከትከሻሽ አውርጂ፤ አውፍ አስብዪው። እባክሽ፣ እህቴ።"

"አውፍ ካለኝ እኮ... ሞተች ማለት ነው።"

"አውቃለሁ" አለች መሊካ። "አንቺ ብቻ አይደለሽም የምታውቂው።"

ሰሊማ ሼህ ሙሀመድአሚን ዘንድ ሄደች። በሕይወቷ የመጨረሻውን ሽማግሌ ላከች፤ በማግሥቱ አብረው ሰንበቴ ደረሱ። ከማል ሲያያቸው ከበሩ ወደ ኋላ አለ። ግቡ አላለም። ሼሁ ሊጀምሩ ሲሉ ሰሊማ ቀደመቻቸው። ራሷ ተናገረች።

"ጋሼ ከማል፣ አማናዎን መመለስ አልቻልኩም። ከእንግዲህም አልችልም። በእጄ ሰጡኝ፤ በእጄ ጠፋች። አውፍ ይበሉኝ።"

ከማል መሬቱን አየ።

"ኢንተለ ኮ" አለ፤ ልጄን ማለቱ ነው፤ በኦሮምኛ ለራሱ። ቀጥሎ ቀና ሳይል፣ "አውፍ ብያለሁ" አለ።

ያን ጊዜ ከጓዳ የመሊካ እሪታ ወጣ። ጎረቤቱ ያን ድምፅ ስንት ወር ሲጠብቅ ኖሮ ከየቤቱ እየሮጠ መጣ።

ሶላቱ ተሰገደ። ድንኳን ተተከለ። የቡድኑ ልጆች ከየአገራቸው መጥተው ውሃ ቀዱ፣ ድስት አጠቡ፤ ሪሀና ከመሊካ እግር ሥር አልተነሳችም። በሦስተኛው ቀን ሰዉ ሲሳሳ ከማል ሰሊማ አጠገብ መጥቶ ምንጣፉ ላይ ተቀመጠ።

"አንድም ቀን ስትጫወት አላየኋት" አለ።

"ጠርተንዎት ነበር እኮ። ደሴ።"

"ገበያ ነበር። ገበያ ነው ብዬ ቀረሁ።" ወደ እሷ ዞረ። "ምን ነበር የምታደርገው? እዚያ ሜዳው ላይ?"

"አጥቂ ነበረች።"

"አጥቂ ምንድነው የሚያደርገው?"

ሰሊማ ምንጣፉ ላይ በጣቷ መስመር አሰመረች፤ ይኼ እኛ ነን፣ ይኼ እነሱ፣ እዚህ በረኛዋ ናት አለች። የደሴውን ጨዋታ ከመጀመሪያው ጀመረችለት። ዓፊያ ኳሱን ከመሀል ስትቀበል፣ አንዷን ስታልፍ፣ ሁለተኛዋ ልብሷን ስትይዛት። ከማል ጣቷን እየተከተለ ያያል። እንባው በጺሙ ላይ ይወርዳል፤ አይጠርገውም።

"ልብሷን ይዘዋት?" አለ። "ከዚያስ?"