ያርጋል ከሽክርክሪቱ እስከ መነጽሩ

ያርጋል ደባርቅ ውስጥ በብየዳ የታወቀ ሰው ነው። በር ይሠራል፣ መስኮት ይሠራል። በደጉ ጊዜ ግን ስሙ የተጠራው በሽክርክሪቱ ነበር። የዛሬ ሠላሳ ዓመት ገደማ ለጥምቀት ጎንደር ወርዶ ልጆች በብረት ፈረስ ሲሽከረከሩ አየና፣ ከተጣለ የመኪና አክስልና ከውኃ ቧንቧ ስድስት ወንበር ያለው ሽክርክሪት በየደ። ሞተር የለውም፤ የሚገፋው ያርጋል ራሱ ነው። በገበያ ቀን አይሱዙ ላይ ጭኖት ዳባት፣ አንዳንዴም አምባ ጊዮርጊስ ድረስ ይዞት ይሄድ ነበር።

አንድ ቀን አምባ ጊዮርጊስ ላይ ውቢት የምትባል የዘጠኝ ዓመት ልጅ ተሳፈረች። ትጮኻለች። ያርጋል ከተሰለፈው ሰው ጋር እየተጫወተ፣ ጀርባውን ሰጥቶ ይገፋል። የልጅቱ እጅ ላላና ወደቀች፤ ክንዷ ተሰበረ።

ወጌሻ ካሰረላት በኋላ ያርጋል ሁለት ሽማግሌ ይዞ አባቷ ቄስ ሕሩይ ዘንድ ሄደ።

«ይማሩኝ አባቴ። በደስታ የምትጮኽ መስሎኝ ነው።»

«ደስታም ያስጮኻል፣ ፍርሃትም ያስጮኻል» አሉት ቄሱ። «ፊቷን ብታይ ኖሮ ትለየው ነበር። በል፣ እግዚአብሔር ይፍታህ።»

ያርጋል ቤቱ እንደገባ ሽክርክሪቱ መሐል ላይ መዘውር ገጠመ። ከዚያ ወዲያ መሐሉ ላይ ቆሞ የሚያሽከረክረው ፊቱን ወደ ተሳፋሪዎቹ አዙሮ ነው። ከንፈሩ የነጣ ልጅ ካየ ያቆማል፤ ወረፋ ጠባቂው ቢያጉረመርምም አይሰማም።

ኋላ ቪዲዮ ቤት መጣ፤ ሰዉ አግዳሚ ላይ ተደርድሮ ፊልም ማየት ለመደ። ጆተኒ መጣ፣ ፕሌይስቴሽን ተከተለ፣ ስልክም በየኪሱ ገባ። ሽክርክሪቱ ዝናብ ሲመታው ከረመና ያርጋል ቆራርጦ ለበር አደረገው። ሚስቱ ዝናሽ «አንዷን ወንበር እንኳ ተው» ብትለው አልሰማትም።

አምና ልጁ ምሥራቅ፣ ጎንደር ኮምፒውተር ተምራ የተመለሰችው፣ መናኸሪያው አጠገብ የጨዋታ ቤት ከፈተች። ቪአር የሚሉትን መነጽርም አመጣች። ዓይን ላይ ሲታሰር ሰውን ሌላ ዓለም ውስጥ ይከተዋል፤ የተቀመጠው ሰው ከገደል አፋፍ ቁልቁል በሚወረወር ባቡር ላይ ያለ ይመስለዋል።

አንድ ቅዳሜ ከአዲ አርቃይ የመጣች ማስተዋል የምትባል ነጋዴ መነጽሩን አሰረች። ባቡሩ ሲወረወር ጮኸች፤ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ያርጋል የላላ ማጠፊያ ሊያጠብቅ መጥቶ በሩ ላይ ቆሟል። ፊቷን እንዳያይ መነጽሩ ሸፍኖታል። ወደ እጆቿ ተመለከተ። ጣቶቿ ወንበሩን ከመጨበጣቸው ብዛት ደም የላቸውም። እግሮቿ ወለሉን ያስሳሉ። መፍቻውን ጥሎ ሄደና መነጽሩን አወለቀላት።

«አባዬ! ገና መሐሉ ላይ እኮ ናት!» አለች ምሥራቅ።

«በቅቷታል።»

የሴትዮዋ ፊት አመድ መስሎ፣ ግንባሯ በላብ ርሷል። በነጠላዋ ጠረገችው። «አውርዱኝ እያልኩ ነበር። ሁሉም ይስቃል፤ የሚሰማኝ አጣሁ።»

ምሥራቅ ውኃ አቀረበችላት፤ ይቅርታ ጠየቀቻት። ሰዉ ሲበተን ያርጋል ለልጁ የውቢትን ነገር አወራት። እስከዚያ ቀን ነግሯት አያውቅም ነበር።

ከዚያ ወዲህ ምሥራቅ መነጽሩን ከማሰሯ በፊት «ከፈራችሁ እጃችሁን አንሡ» ትላለች። ያርጋል ለወንበሩ የክንድ መደገፊያ በየደለት፤ ቅዳሜ ቅዳሜም የብየዳ ሱቁን በጊዜ ዘግቶ አጠገቧ ይቀመጣል። ባለፈው ወር ራሱን ወንበሩ ላይ አስቀመጠችው።

«ምን ልክፈትልህ?»

«ባሕር አለ?»

ያርጋል በዕድሜው ባሕር አይቶ አያውቅም። መነጽሩን አሰረችለት። አንድ ጊዜ ውኃውን ሊነካ ጎንበስ ብሎ ወለሉን በእጁ ዳሰሰ፤ የቀረውን ጊዜ ክንዱን መደገፊያው ላይ አሳርፎ ተቀመጠ። ሲያወልቅ ዓይኑን አሸት አሸት አደረገ።

«እንዴት ነው?» አለችው።

«ሰፊ ነው። ሽታ ግን የለውም» አለና የጀመረውን በር ሊጨርስ ወጣ።