ሰፊው ቆብ

ደብረ ታቦር ገበያ፣ ከገብስ ሻጯ ከዘነበች ስልቻ አጠገብ፣ በየገበያው ቀን የምትቀመጥ አንዲት እንግዳ ሴት ነበረች። ቀሚሷ የተጣፈ፣ መቀነቷ ግን ጸዓዳ ነው። ከጭኗ ላይ የበግ ፀጉር ክር፣ ከእጇም ከቀንድ የተቀረጸ የኪሮሽ መርፌ አይጠፋም። የምትሠራው የማትሸጠውን ቆብ ነው። ክሩን ስትስብ ፊቷ ፈታ ይላል፤ የጣሊያን መኪና ሲያጓራ ግን ከንፈሯ ይደርቃል።

አንድ ቀን አንድ ባንዳ ቆቡን ነጥቆ ራሱ ላይ ቢያጠልቀው እስከ አገጩ ወረደ።

«አንቺ፣ ይህን የሚያህል ራስ ያለው ማን ነው?»

ዘነበች ስልቻዋ ላይ አቀረቀረች። ጫካ የገባ አርበኛ ፀጉሩን እንደማይላጭ አገር ያውቃል፤ የራሷም ወንድም ጎፈሬው ነዶ አክሏል ሲሉ ሰምታለች።

ሴትዮዋ ቀና ሳትል፣ «ለንስሐ አባቴ ነው፣ ጌታው። የጉና ብርድ ቢጠናባቸው ከጥምጥማቸው በላይ ያጠልቁታል» አለች።

ባንዳው ቆቡን ወርውሮላት ሄደ። እሷም አቧራውን አራግፋ ጫፉን መተርተር ጀመረች። ፈርታ ልታጠብበው ነው ብላ ዘነበች አጮልቃ ብታይ፣ ጭራሽ እያሰፋችው ነበር።