ቶርኖው ይውጣ፣ መኪናዬ ትግባ

ቨርሊን ሆክ ክፉ ሰው አይደለም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ ወደ ኋላ ላይ ስለ ሚስቱ መኪና ስትሰሙ እንዳትረግሙት ነው። አይጠጣም፤ አይሳደብም፤ የትምህርት ቤት አውቶቡስ እየነዳ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ አንድም ልጅ መንገድ ላይ ረስቶ አያውቅም። በሽታው አንድ ብቻ ናት። ጠብመንጃ ይሠራል።

ለአደን እንዳይመስላችሁ! አጋዘን ጓሮው ድረስ ዘልቃ የሚስቱን የኦፓልን ጎመን ስትግጥ እንኳ "እሽ! እሽ በይ!" እያለ በባርኔጣው ነው የሚያባርራት። እሱ የሚሠራው ወረቀት ለመብሳት ነው። ከአንድ ሺህ ያርድ፣ ኪሎ ሜትር ሊሞላ ጥቂት ከቀረው ርቀት ላይ ሆኖ አምስት ጥይት ይተኩሳል፤ አምስቱም ተጠጋግተው አንድ ቦታ እንዲያርፉለት ይመኛል። በቃ፣ ይኸው ነው። ለዚህች ሲል አፈሙዝ በቶርኖ፣ በብረት መቅረጫው ማሽን፣ ይከረክማል፣ ሰደፍ ይጠርባል፣ ቀለሁን አንድ በአንድ ይመዝናል፣ ባሩዱን በቅንጣት ይለካል። ሚስቱ ኦፓል ሚዛኑ ላይ አጎንብሶ ባየችው ቁጥር "ለኔም ስኳሬን እንዲህ ብትለካልኝ ኖሮ ዛሬ ሐኪም ቤት ባልተመላለስኩ" ትለዋለች። እሱ ግን ትንፋሹን ይዞ ስለሚመዝን አይመልስላትም።

ችግሩ ቶርኖው ነው። የደረሰች ጊደር የሚያህል ብረት ጋራዡ መሃል ተገትሯል፤ ዙሪያውን ደግሞ መደርደሪያው፣ መቆንጠጫው፣ ያለቀላቸውና ያላለቀላቸው አፈሙዞች። ስለዚህ የኦፓል መኪና ውጭ ታድራለች። በፔንሲልቬንያ ተራሮች ላይ ውጭ ማደር ምን ማለት እንደሆነ ያደረ ያውቀዋል። ኦፓል ከተዳረች ጀምሮ ክረምት በመጣ ቁጥር በጠዋት ተነስታ ከመኪናዋ መስታወት ላይ በረዶ ትፍቃለች። መፋቂያው የጠፋባት ቀን በኬክ ማንሻዋ ፍቃለች። እሱም በመስኮት አይቷት "ኬክ ልትጋግሪ ነው?" ብሎ ጠየቃት፤ የምሬን ነው።

ታዲያ ባለፈው ጥር፣ እሑድ ጠዋት፣ የመኪናው የፊት በሮች በውርጭ ተጣብቀው አልከፈት አሉ። ኦፓል የቤተ ክርስቲያን ቀሚሷን እንደለበሰች በኋላው በር ልግባ ብላ ግማሽ ገላዋ ገባ፣ ግማሹ ቀረ። ጎረቤት ነው እግሯን ይዞ ያወጣት። ባሏ የት ነበር? ጋራዥ ውስጥ፣ ጆሮው ላይ የድምፅ መከላከያ አድርጎ። ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ኮቷን ሳታወልቅ በቀጥታ ወደሱ ሄደች።

"ስማኝ አንተ ሰውዬ" አለችው። "የክበባችሁን ግድግዳ ታውቀዋለህ አይደል?"

እንዴት አያውቀው! የተኳሾቹ ክበብ ቤት ውስጥ፣ ከምድጃው ጀርባ ያለው የሳንቃ ግድግዳ ላይ፣ በየዓመቱ ከሁሉ የተሻለችው ወረቀት የተኳሹ ስም ተጽፎባት በምስማር ትመታለች። አንዴ ከተሰቀለች አትወርድም። የቨርሊን ጓደኞች ሁሉ እዚያ አሉ፤ የሞቱትም አሉ። ቨርሊን ብቻ የለም። ግድግዳው ለሱ ላም አለኝ በሰማይ ሆኖበት ቀርቷል።

"አንተ በእጅህ በሠራኸው ጠብመንጃ የተመታ ወረቀት ዘንድሮ እዚያ ላይ ካልተሰቀለ፣ ቶርኖው ይወጣል፣ መኪናዬ ትገባለች።"

"ከተሰቀለስ?"

"ከተሰቀለማ እስክሞት በረዶዬን እፍቃለሁ፤ አንዲት ቃል አይወጣኝም።"

ተጨባበጡ። ቨርሊን ያን ዕለት ምሳ አልበላም።

ከዚያ በኋላማ ሰውዬው ሰው አልነበረም። ክረምቱን ከርሞ፣ ፀደዩን ገፍቶ፣ አዲስ ጠብመንጃ ሠራ። ቀጭን ጥይት የምትጎርስ፣ አፈሙዟ እንደ መስታወት የጠራ፣ ቃታዋ ገና ሲያስቧት የምትተኩስ። በፍራሽ ጠቅልሎ ነው መኪና ላይ የሚጭናት። ኦፓል "ሙሽራዋ" ብላ ስም አወጣችላት። የበኩር ሥራው የነበረው አሮጌው ጠብመንጃ ደግሞ ከጋራዡ በር ጀርባ ቆሞ መጥረጊያ ይደገፍበታል። ከባድ ነው፣ ወፍራም ጥይት ነው የሚጎርሰው፣ እሱንም ቨርሊን ራሱ "ጋሪው" ይለዋል። አንድ ዓመት ቨርሊን ከመሰላል ወድቆ ትከሻው ሲሰበር፣ ባሩዱን የምትሞክርለት ኦፓል ነበረች። ፀደዩን ሙሉ በጋሪው ተኩሳለታለች። እሱ አጠገቧ ተቀምጦ "ተንፍሺ፣ ቃታውን እንደ እንቁላል ንኪው" ይላል፤ እሷ ትነካዋለች፤ ከዚያ ወደ ጎመኗ ትሄዳለች። ወረቀቶቹን አይቶ ምንጊዜም "ባሩዱ ጥሩ ነው" ይል ነበር። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ባሩዱ ነው ያለው።

አንድ ነገር ልጨምርና ወደ ቀኑ ልግባ። በዚህ ክበብ ውስጥ ከባድ ኃጢአት የሚባለው የሰው ዒላማ መምታት ነው። ሺህ ያርድ ላይ ዒላማዎቹ ጎን ለጎን ተደርድረው ሲታዩ ሰው ይሳሳታል፤ የራሱን ትቶ የጎረቤቱን ይበሳል። ይህን ያደረገ ሰው የላም ቃጭል አንገቱ ላይ ይጠለቅለታል፤ ሌላ ጥፋተኛ እስኪገኝ ድረስ ከቤት ሲወጣ አያወልቃትም። ወረቀቷ ግን ጥሩ ከሆነች አትጣልም፤ በመታው ሰው ስም ትቆጠራለች። ቃጭል ባጠለቀ ሰው ላይ ደግሞ እንደ ቨርሊን የሚያላግጥ አልነበረም። የውድድሩ ዳኛ ዴልማር ፍሪትዝ ቃጭሏን ባጠለቀበት ዓመት ቨርሊን ነዳጅ ማደያ ላይ "እምቧ!" ብሎታል፤ ባንክ ቤት ሰልፍ ላይ "እምቧ!" ብሎታል፤ የዴልማር አክስት ቀብር ላይ እንኳ ቀስ ብሎ በጆሮው "እምቧ" ብሎታል። ዴልማር ይህን አልረሳም።

የዓመቱ የመጨረሻ ውድድር ቀን ደረሰ። ግድግዳው ላይ የምትሰቀለዋ ወረቀት ገና አልተገኘችም፤ ዓመቱን ሙሉ ነፋሱ ሁሉንም እኩል ሲያዋርዳቸው ነው የከረመው። ቨርሊን ሙሽራዋን ታቅፎ መጣ። ኦፓልም የአሳማና የባቄላ ሾርባዋን በትልቁ ድስት ይዛ መጣች፤ የክበቡን ወጥ ቤት የምታሟሟቀው እሷ ናት። ሊጀመር ሲል ዴልማር ቆመና "ስድስት ቁጥር ላይ የሚተኩሰው ሉተር ኩላሊቱ ውስጥ ጠጠር ተነስቶበት ሐኪም ቤት ገብቷል" አለ። "አንድ የተኩስ መደብ ጎደለ። ሕጉን ታውቃላችሁ፤ መደቦቹ ካልሞሉ የዛሬ ወረቀት ለግድግዳው አይቆጠርም።"

ቨርሊን ፊቱ አመድ መሰለ። ወደ ወጥ ቤት ሮጠ።

"ኦፓልዬ፣ የኔ ማር፣ የሉተር ቦታ ላይ ቁጭ በይልኝ። ጋሪውን መኪናው ላይ ጭኜዋለሁ፣ ጥይትም አለው።"

"ምኑን ነው የምትለኝ? አንተ እንድታሸንፍና እኔ በረዶ ስፍቅ እንድሞት፣ እኔው ራሴ ልርዳህ?"

"ዝም ብለሽ ቁጭ በይ እንጂ ማን ምቺ አለሽ! ከፈለግሽ ተራራውን ተኩሺው።"

"ሾርባዬስ? ከሥር ይይዝብኛል እኮ!"

"ኦፓል!"

ዐይኑን አየችው። ሰላሳ ስምንት ዓመት አብራው የኖረች ሴት ናት፤ አንጀቷ አልቻለም። እሳቱን ቀነስ አደረገችና ሽርጧን እንዳሰረች ወጣች። አምስት ቁጥር ላይ ቨርሊን፣ ስድስት ቁጥር ላይ ኦፓል ተቀመጡ።

ተኩሱ ተጀመረ። ቨርሊን አንድ ተኮሰ። ሜዳው ላይ ነፋስ እንዲያሳዩ የተተከሉት ባንዲራዎች ወደ ግራ ዞሩ፤ ጠበቀ። ወደ ቀኝ ዞሩ፤ የጠብመንጃዋን መነጽር አስተካከለ። ረገቡ፤ "ይቺማ ወጥመድ ናት" ብሎ አሁንም ጠበቀ። ሁለተኛውን ሲተኩስ ነፋሱ ሳቀበት። በዚህ መሃል ከጎኑ ዷ! ዷ! ዷ! ዷ! ዷ! ኦፓል ባንዲራዎቹ ሳይነቃነቁ አምስቱንም ጨርሳ ተነሳችና ወደ ሾርባዋ እየሮጠች ሄደች።

"ያቺን ሴትዮ ማን አሳደዳት?" አለ ዴልማር።

ቨርሊን ግን ዞር ብሎም አላያት። የተሰጠውን ጊዜ እስከ ጫፉ ተጠቀመበት፤ አምስተኛውን የተኮሰው ላብ ዐይኑ ውስጥ እየገባ ነው።

ወረቀቶቹን ከዒላማዎቹ ሥር ካለው ጉድጓድ ሆኖ የሚሰበስበው ሰው በሬዲዮ መናገር ጀመረ። እሱ ይናገራል፣ ዴልማር በድምፅ ማጉያ ይደግማል። "አምስት ቁጥር፣ ዶሮ የጫረችው ነው የሚመስለው።" ሰው ሳቀ። "ስድስት ቁጥር . . . ቆይ፣ ድገመው እስቲ . . . ስድስት ቁጥር፣ አምስቱም በቡና ስኒ አፍ ይከደናሉ!"

በዚያ ክበብ እንዲህ ያለ ወረቀት ታይቶ አይታወቅም። ቨርሊን አሰበ። ዶሮ የጫረችው የሙሽራዋ ሊሆን አይችልም፤ ስኒ የከደነው የጋሪው ሊሆን አይችልም። ስለዚህ? ስለዚህ ተገለጠለት! ከወንበሩ ዘሎ ተነሳ።

"የኔ ነው!" ብሎ ጮኸ። "ተሳስቼ የሷን ዒላማ መትቻለሁ! እሷም የኔን መትታለች! ቃጭሏን አምጡ፣ አጠልቃለሁ! ስሜንም ጻፉ!"

ዴልማር ዐይኖቹ በደስታ በሩ። "እርግጠኛ ነህ ቨርሊን? ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው።"

"አምጣ ነው የምልህ!"

ሰው የራሱን ውርደት እንዲህ ሲቸኩልለት አይቼ አላውቅም። ቃጭሏን ነጥቆ አጠለቀ፤ ደረቱን ነፍቶ ቆመ። ኦፓል ጭልፋዋን ይዛ ከወጥ ቤት ብቅ አለች።

"ምን ሆናችኋል?"

"ምንም አይደል የኔ እመቤት፣ ዒላማ ተቀያይረን ነው። አንቺ የኔን፣ እኔ ያንቺን።"

"ማነው የተቀያየረው? እኔ ስድስት ቁጥር ተብዬ ስድስት ቁጥርን ነው የመታሁት። ማንበብ እችላለሁ እኮ!"

"እሺ እሺ፣ ሾርባሽን እዪ።"

ወረቀቶቹ በመኪና መጡ። ዴልማር የስድስት ቁጥርን ጠረጴዛ ላይ ዘረጋ፤ ከሙሽራዋ ሣጥን አንድ ቀጭን ጥይት አወጣና አንደኛው ቀዳዳ ውስጥ ከተተው። በአባቱ ጫማ እንደሚሄድ ሕፃን ወዲህና ወዲያ ተንገላወደ። ከጋሪው ሣጥን ወፍራሙን አወጣና ከተተ። ልክክ! አምስቱም ቀዳዳ ላይ እንደዚሁ ልክክ።

ቨርሊን ጎንበስ ብሎ አየ፣ ቀና አለ፣ ደግሞ ጎንበስ አለ። ጎንበስ ባለ ቁጥር ቃጭሏ ቃጭ አለች።

"እምቧ" አለ ዴልማር፣ በጣም ረጋ ብሎ። ከዚያ ሜዳው በሙሉ "እምቧ!" አለ።

"ካላጠፋሁ እንግዲህ ላውልቃት" አለ ቨርሊን።

"ሕጉን እኮ ታውቀዋለህ ወዳጄ። ያመነ ያጠልቃል።"

ኦፓል ስሟ ሲጻፍና ወረቀቷ ከምድጃው ጀርባ በምስማር ስትመታ እጇን በሽርጧ እየጠራረገች ቆማ አየች። ፊቷ እንደ ልጃገረድ ቀልቶ ነበር። ከዚያ ሾርባውን ቀዳች፤ ከሥሩ ትንሽ ይዞ ነበር፣ ግን ደፍሮ የተናገረ ሰው የለም።

ወደ ቤት ሲመለሱ መኪናውን የነዳው ቨርሊን ነው። መንገዱ ጎርበጥ ባለ ቁጥር ቃጭሏ ብቻ ታወራለች። ድልድዩን ከተሻገሩ በኋላ ቨርሊን ነገሩን አወጣው።

"ነገ ሰው ጠርቼ ቶርኖውን አስወጣለሁ።"

ኦፓል በመስኮት ወደ ውጭ ታያለች። ጋራዡ ባዶ ሆኖ፣ መኪናዋ ደርቃ፣ በሯ አንዴ ሲነካ ሲከፈት ታያት። ያን ጋራዥ እንዴት ትመኘው እንደነበር እኔና ፈጣሪ ነን የምናውቀው ትላለች፣ እስከ ዛሬ።

"ጋሪውን የሠራው ማነው?" አለችው።

"ማን ይሠራዋል? እኔ ነኛ።"

"በእጅህ?"

"በእጄ።"

"ወረቀቱስ አልተሰቀለም?"

ቨርሊን መኪናውን ዳር አስይዞ አቆመ። አፉን ከፍቶ አያት።

"ውል ውል ነው" አለች ኦፓል፣ አሁንም ወደ ውጭ እያየች። "ብረትህ ይቀመጥ። ግን አንድ ነገር ልንገርህ፤ ያ ጋሪ ትከሻዬን ይመታኛል። ለኔም ሥራልኝ። ቀለል ያለ።"

ሰውዬው መሪው ላይ ግንባሩን ደፍቶ አለቀሰ። ያለቀሰው ለቶርኖው ነው ወይስ ለሌላ፣ እሱም አልተናገረ፣ እሷም አልጠየቀች።

የመጀመሪያው ውርጭ የወደቀው በእሑድ ነው። ኦፓል ቀሚሷን ለብሳ፣ ኮቷን ደርባ፣ መፋቂያዋን ይዛ በሩን ስትከፍት ከውጭ ቃጭ ቃጭ የሚል ድምፅ ሰማች። ቨርሊን በሌሊት ልብሱ ላይ ካፖርት ደርቦ፣ ቃጭሏን አጥልቆ፣ የመኪናዋን መስታወት ይፍቃል። ጥግ ጥጉን እንደ አፈሙዝ አጥርቶታል፤ የቀረች ቅንጣት እንዳትኖር ዐይኑን አስጠግቶ እያየ ነበር።

"በሩንም አላቅቄልሻለሁ" አላት፣ አፍንጫው በብርድ ቀልቶ።

ኦፓል መፋቂያዋን በሩ ሥር አስቀመጠች። በአጠገቡ ስታልፍ የካፖርቱን አንገትጌ ሰብሰብ አደረገችለትና ወደ ጆሮው ጠጋ አለች።

"እምቧ" አለችው።