ከፌስታል የወጣ ናፍጣ

ያን ሰሞን መርሳ ላይ ናፍጣ ጠፍቶ ነበር። ወልድያ ሰልፍ ብቻ ነው፤ ግራና ከተማም ለሽታ እንኳ የለም። የአጎቴ ሽንኩርት ደግሞ አንድ ውሃ መጠጣት ይቀረዋል። ካልጠጣ ሳይወፍር ይደርቃል። ወንዙ ከማሳው ሥር እየፈሰሰ፣ ፓምፑ ባዶ ሆዱን ቆሟል።

አጎቴ በያጅ ነው፤ እጁ ሥራ ሲፈታ ያመዋል። ላስቲክ አየር በሌለበት ሲሞቅ ተንኖ ዘይት እንደሚወጣው ከስልኬ አነበብኩለት። ሦስት ጊዜ አስደገመኝና አሮጌ በርሜል መበየድ ጀመረ። እኔ ከገበያው ጀርባ ፌስታልና የተሰነጠቀ ጀሪካን ለቀምኩ። የኤሌክትሪክ ገመድ ሽፋንም ጨምሬ ብመጣ አንድ በአንድ መዞ ጣለው፤ ጭሱ ጉሮሮ እንደሚበላ ከሥራው ያውቃል።

እንፋሎቱን አቀዝቅዞ መያዝ ግን አልሆነለትም። እትዬ የምንላቸው ጎረቤታችን አረቄ ያወጣሉ። አረቄ በአፉ ዞሮ የማያውቀው አጎቴ በራቸው ላይ ቆመ።

«እትዬ፣ አንድ ነገር ያስተምሩኝ።»

«ሸሁ ዛሬ ሊሰክር ነው?»

«የሚሰክረው ፓምፑ ነው።»

እየሳቁ መጡ። እንፋሎቱ የሚወጣበት ቱቦ በውሃ በርሜል ውስጥ እንዲያልፍ አደረጉ፤ መጋጠሚያውን በጭቃ መረጉት። «የተረፈውን እንፋሎት ሜዳ ላይ አትልቀቀው፤ ያሰጣሁት ጌሾ ላይ ሊተኛ ነው» ቢሉት፣ አጎቴ በቀጭን ቱቦ ወደ ምድጃው መለሰው። ሽታው ቀነሰ እንጂ አልጠፋም።

«ግጥምህን ተውና እሳቱን እይ» ይለኛል አጎቴ፤ ካፈጠጥኩ ግጥም የማስብ ይመስለዋል። እኔ ግን የማየው ጠብታውን ነበር፤ መጀመሪያ እንደ ሻይ ቀጠን ያለ፣ ቆይቶ እንደ ማር የጠቆረ።

የተሳሳትነው በአረቄ ደንብ ነው። በእሳቸው ሙያ ፊተኛው ጠብታ ኃይለኛው ነው፤ ለክብር እንግዳ ይቀመጣል። «ፊተኛውን ለፓምፑ ስጠው» አሉ። ሰጠነው። ፓምፑ ሁለቴ ተንደቀደቀና ጸጥ አለ። አጎቴ ጣቱን ነክሮ አሸተተ፤ ቤንዚን ነው የሚመስለው፣ የናፍጣ ሞተር አይስማማውም።

«እትዬ፣ ከእንግዳው አጣሉን።»

«ታዲያ የኋለኛውን ስጠዋ። እኔ ቤት ፓምፕ ጠጥቶ ያውቃል?»

የኋለኛውን በጨርቅ አጥልለን ከጀሪካን ቂጥ ከተረፈች ናፍጣ ጋር ቀላቀልነው። ፓምፑ ጥቁር ጭስ አስሎ ተነሳ። ውሃው ቦዩን ይዞ ሲሄድ እትዬ ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ አድርገው ከፊቱ ከፊቱ ይሄዱ ነበር።

አራት መደብ ሲቀር ዘይቱ አለቀ። አጎቴ እንደገና ሊያነድ ተነሳ።

«ተወው» አሉት። «ጭስህን ከምስብ ውሃህን ብሸከም ይሻለኛል።»

ሦስታችን በባልዲ ፀሐይ ጠልቃ የመግሪብ አዛን እስኪሰማ ተመላለስን። የመጨረሻው መደብ ላይ አጎቴ ባልዲያቸውን ሊቀበል እጁን ቢዘረጋ አልሰጡትም፤ ራሳቸው አጎንብሰው አፈሰሱት።