አለቃው ጤፍ ማሳ ላይ የተማረው ቃል

ጣሊያን ቡሬ ላይ የሾመው የትምህርት ቤት አለቃ «ትምህርት ቆርቆሮ ቤት ውስጥ፣ ደወል ሲደወል ብቻ ነው» ብሎ አስለፈፈ። የሚያስተምረው ግን እጅ ዘርግቶ ሰላምታ መስጠትን ብቻ ነበር። እኔ የቄስ ልጅ ነኝና ከጤፍ አጨዳ ስናርፍ አብረውኝ ለሚያጭዱት ሴቶች አፈር ላይ እየጻፍሁ ማንበብ አስተምራቸው ነበር። አንድ ቀን አለቃው በበቅሎ ድንገት ደረሰብን።

«አንቺ፣ ማን ፈቀደልሽ?» ብሎ አፈሩ ላይ አፈጠጠ። እንደሚያሳስረኝ አልተጠራጠርሁም። እሱ ግን ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ይህ ምን ይላል?» አለኝ። ለካ የትምህርት ቤት አለቃ ተብዬው ፊደል አልቆጠረም!

«ማዕረግዎ ነው ጌታዬ፤ ‹አለቃ› ይላል» አልሁት።

ደስ ብሎት በጣቱ ደጋግሞ እየጻፈ አጠናውና ሄደ። ለገበያ ቡሬ ስንወርድ ከትምህርት ቤቱ በር በላይ በኖራ አግዝፎ ጽፎታል፦ «ባንዳ»።