ቆሞ ያለቀ ሞተር

ትናንት ከረፋዱ አራት ሰዓት ግድም... ከጅቡቲ ከተማ ወደ ፔካ 12 ሰፈር በሚወስደው መንገድ ዳር ባለ አንድ ጋራዥ ውስጥ፣ የመሥሪያ ቤታችን መኪና ሞተር ሲከፈት ቆሜ ተመለከትሁ። በደረት ኪሴ የአንድ ሰው የስንብት ደብዳቤ ነበር። ሰውየውም አጠገቤ ቆመው ነበር።

አቶ ለማ ይባላሉ፤ ሹፌሬ ናቸው። ጅቡቲ ውስጥ ዘጠኝ ዓመት አገልግለዋል። ሁለት ሴት ልጆቻቸው እዚሁ ተወልደው በፈረንሳይኛ ይማራሉ፤ አማርኛ ይናገራሉ እንጂ ፊደል አልቆጠሩም። የአባትየው ሥራ ከቀረ የመኖሪያ ፈቃዱም ይቀራል፤ ልጆቹም በትምህርት ዓመቱ መካከል ወደማያውቁት አገር ይገባሉ።

መኪናዋ ሦስት ዓመት አልሞላትም። ባለፈው ሳምንት ወደብ መግቢያው አካባቢ ሞተሯ አንኳኳ፣ ጨሰ፣ ቀጥ አለ። የአስተዳደር ኮሚቴው «ሹፌሩ ዘይት በወቅቱ ባለመቀየሩ» ብሎ እንዲሰናበቱ ወሰነ፤ እኔም ፈረምሁ። የቀረው የመካኒኩ ማረጋገጫ ብቻ ነበር። እርሱን ተቀብዬ ደብዳቤውን በእጄ ልሰጣቸው ነበር የሄድሁት... በሰው ከመላክ ይሻላል ብዬ።

አቶ ለማ ስለ ደብዳቤው ያውቁ ነበር። የመሥሪያ ቤት ወሬ ከማኅተም ይቀድማል።

መካኒኩ አብዶሽ የድሬዳዋ ልጅ ነው፤ እንደ አገሩ ፈረንሳይኛ «ሙሴ»፣ ጌታው፣ እያለ ይጠራኛል። የሞተሩን የላይ ክዳን አንሥቶ ካቻቢቴውን ወደ ውስጥ ሰደደ። የወጣው ነገር ዘይት አይመስልም... ጥቁር፣ ወፍራም፣ እንደ ረጋ ሬንጅ። በካቻቢቴው ጫፍ ተንጠልጥሎ ቀረ እንጂ አልወደቀም።

«አቦ ለማ፣ ይሄን በዳቦ ቀብተህ መብላት ትችላለህ ወላሂ! ዘይት መቼ ነው የቀየርከው?»

አቶ ለማ ከመኪናዋ ኪስ የዘይት ቅያሬ ደብተሯን አውጥተው ሰጡት። አብዶሽ ገለጠው፣ ኪሎ ሜትሩን አየ፣ እንደገና ገለጠው።

«ሁሉም በሰዓቱ ነው... የመኪናዋ መጽሐፍ እንዳለው። እንደውም አስቀድመህ ነው የቀየርከው።» ደብተሩን ዘጋው። «ቆይ... ይህች መኪና ቆማ ትሠራለች እንዴ?»

አቶ ለማ መሬት መሬት አዩ።

«ሙሴ፣ እርስዎን ልጠይቅ። ስብሰባ ሲገቡ ሞተሩ ይጠፋል?»

አይጠፋም። ወደዚህ ከተማ በመጣሁ በመጀመሪያው ወር፣ በሐምሌ፣ እንደ ምድጃ የጋለ መኪና ውስጥ ገብቼ ራሴን አዙሮኝ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ «ስወጣ ቀዝቅዞ ይጠብቀኝ» አልሁ። በሚኒስቴር ደጅ ሦስት ሰዓት፣ ሀራሙስ ሰፈር እራት ስጋበዝ አራት ሰዓት፣ ለቅሶ ቤት እንኳ... ሞተሩ ይሠራል፣ ማቀዝቀዣው ይነፍሳል፣ እኔ ግን ቤት ውስጥ ነኝ።

«ኪሎ ሜትር የሚቆጥረው ጎማ ነው፣ ሙሴ» አለ አብዶሽ። «ጎማው ቆሞ ሞተሩ ከሠራ፣ ደብተሩ ምንም አያውቅም። በዚህ ሙቀት ክሊሙ፣ ማቀዝቀዣው፣ ተከፍቶ ዘይቱ ይበስላል፣ ይረጋል፣ መተላለፊያውን ይደፍናል። ይሄ ዓይነት ሞተር ደግሞ መተላለፊያው ጠባብ ነው፤ ሌላው የሚችለውን እሱ አይችልም። ከሱ ሲከፈት ያየሁት ይሄ አራተኛዬ ነው። አራቱም የአለቃ መኪና።»

ጥላ ሥር ተቀምጦ ጎማው እስኪጠገን የሚጠብቅ አንድ የከባድ መኪና ሹፌር ድምፁን ከፍ አደረገ።

«ጋሼ፣ እኛ ጭነት ተሸክመን የዲኬልን በረሃ እናቋርጣለን፣ ሞተራችን ደህና ነው። የእርስዎን መኪና ግን ስብሰባ ገደላት!»

ጋራዡ ሁሉ ሳቀ። እኔም ፈገግ ያልሁ ይመስለኛል። አቶ ለማ ብቻ አልሳቁም።

«ይህ እንደሚመጣ ያውቁ ነበር?» አልኋቸው።

«ድምፁ ሲቀየር ጠርጥሬ ነበር፣ ጌታዬ።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?»

ፊታቸው ላይ ቁጣ አልነበረም... ነገሩ እኔን እንዳያሳፍረኝ ቃል የሚመርጡ ይመስሉ ነበር።

«ነግሬዎታለሁ፣ ጌታዬ። ካቻምና በነሐሴ፣ ከአውሮፕላን ማረፊያ ስንመለስ። ዘንድሮም አንድ ጊዜ። በስልክ እየተነጋገሩ ነበር... እጅዎን እንዲህ አደረጉልኝ።»

አሳዩኝ። ዝንብ እንደማባረር ያለች ትንሽ የእጅ እንቅስቃሴ። የእኔ ናት፤ አወቅኋት።

አሁን ሐፍረት ይመጣል ብዬ ጠበቅሁ። አልመጣም። የራዲያተር ውኃ ሲንጠባጠብ እሰማ ነበር፤ መንገዱ ላይ የተሰለፉትን የጭነት መኪኖች አይ ነበር፤ ሌላ ምንም። ሰው ስለ ራሱ እንዲህ ያለ ነገር ሲሰማ መሬት ትከዳዋለች ይባላል። እኔን አልከዳችኝም። እንደቆምሁ ቆምሁ።

አብዶሽ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዞ ሰዓቱን አየ። «ሙሴ፣ የቀኑ ጫት ከተማ ሊገባ ነው፤ ከዚያ በኋላ እኔም የለሁ። ምን ብዬ ልጻፍ?»

አቶ ለማ ፊታቸውን ወደ መንገዱ አዞሩ። የሁለት ልጆች ትምህርት ቤት በዚያ እስክሪብቶ ጫፍ ላይ ነበር፤ ሦስታችንም እናውቃለን።

«ያየኸውን ጻፍ» አልሁት። «ዘይቱ በወቅቱ ተቀይሯል፤ ሞተሩ ቆሞ ሲሠራ አልቋል። በማን ትእዛዝ እንደሆነ እኔ ለኮሚቴው እጽፋለሁ።»

ደብዳቤውን ከኪሴ አውጥቼ አራት ቦታ ቀደድሁት።

አቶ ለማ ኮፍያቸውን አውልቀው ጎንበስ አሉ። ዓይናቸው እንባ ሞልቶ ነበር። «እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ጌታዬ። ለልጆቼ ብለው ነው።»

«ምንም አይደለም» አልኋቸው።

ይህን ቃል ይቅርታ ሲጠየቅ መናገር የሚገባው የተበደለው ሰው ነበር... እርሱንም ቃል ወሰድሁባቸው።