ወሰን የዞርን ዕለት

ከመንደራችን በላይ ያለውን ተራራ ጫፉን አይቼው አላውቅም። ከደካ ከተማ ወዲያ ነው፤ በካፋ የሚስተካከለው የለም እየተባልን ነው ያደግነው። ዓመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል ጉም ስለሚጋርደው ግን ከፍታውን የተቀበልነው በእምነት ነበር። ኋላ ቦንጋ መምህርት ሆኜ ካርታ ላይ ሳየው እውነትም ትልቁ ኖሯል። እኔ የከመርኩት ይመስል ኮራሁ።

ከተራራው ሥር፣ ከቀርከሃው ዝቅ ብሎ፣ አባቴ ኮቦ ነበረው። ኮቦ አንድ ሰው ቀፎ የሚሰቅልበት የራሱ የጫካ ድርሻ ነው። አጥር የለውም፤ ወሰኑ ዛፍ፣ ምንጭ፣ ድንጋይ ነው። በእኛ መንደር አባት ሲደክመው ወንድ ልጁን ይዞ ወሰኑን ይዞራል፤ እያንዳንዱን ምልክት በእጁ እያስነካ ታሪኩን ይነግረዋል። በዚያው ኮቦው የልጁ ይሆናል። አባቴ ያለችው ልጅ እኔ ብቻ ነኝ፤ ሴት ደግሞ ወሰን አትዞርም። የአጎቴ ልጆች የአባቴን ጤንነት መጠየቅ ያበዙት ለዚህ ነበር። እኔም ጫካውን ከልጅነቴ ጀምሮ እፈልገው ነበር፤ አፍ አውጥቼ ግን አልጠየቅኩም።

ደርግ ከወደቀ ብዙ ዓመት ካለፈ በኋላ ተራራውና ዙሪያው ጥብቅ ደን ይሆናል ተባለ። የአባቴ ኮቦ ባለሙያዎቹ «ኮር ዞን» የሚሉት፣ ሰው የማይገባበት ክፍል ውስጥ ወደቀ። ሰዎቹ ክፉ አልነበሩም። ከመከለሉ በፊት ባለድርሻው ወሰኑን ያሳየን አሉ። አባቴም «አማርኛ አልችልም፣ ልጄ መጥታ ታስተርጉም» ብሎ ላከብኝ። ገበያ ላይ ከማር ነጋዴ ጋር በአማርኛ ሲከራከር የሚያውቁት ሁሉ ሳቁ። እኔ ግን ሽማግሌ ሹም ፊት ቋንቋ ይጠፋበታል ብዬ አለፍኩት።

ጠዋት ተነሳን። አባቴ ከፊት፣ እኔ ከኋላው፤ ባለሙያዎቹ ጂፒኤሳቸውን ይዘው ተከተሉን። መጀመሪያ የቆመው አንድ ትልቅ ጌተም ሥር ነው፤ ነጩ ማር የሚገኘው ከዚህ ዛፍ አበባ ነው። አባቱ ከየትኛው ቅርንጫፍ እንደወደቀ፣ የቀፎውን ገመድ በየት በኩል ማሰር እንደሚሻል በቋንቋችን በካፊኖኖ አወራኝ።

«ያንሸራትታል፣ ዛፉን ያዢው» አለኝ። ቦታው ሜዳ ነበር። ያዝኩት።

«አባባ ምን አሉ?» አለ ወጣቱ ባለሙያ።

«ወሰኑ ይሄ ነው አሉ።»

«ይሄን ሁሉ አውርተው?»

«ካፊኖኖ ረዘም ይላል» አልኩት።

ምንጩ ጋ ስንደርስ ውሃውን እንድነካ አዘዘኝ። ያኔ ገባኝ፤ ጎንበስ ብዬ ነካሁት። ከዚያ በኋላ የነገረኝን ሁሉ ቃል ሳላስቀር ያዝኩ፤ የተረጎምኩት ግን «ወሰኑ ይሄ ነው» የሚለውን ብቻ ነው።

ዞረን ዞረን ከጌተሙ ሥር ተመለስን። አባቴ ወደ ሰዎቹ ዞሮ ጥርት ባለ አማርኛ «አለቀ፣ ልጆቼ። ከእንግዲህ የእናንተ ነው» አላቸው። ተያዩ። ወደ እኔ ዞረና በካፊኖኖ፣ ድምፁን ሳይቀንስ፣ «ያንቺ ነው» አለኝ።

እንዳልገባበት የተከለከልኩትን ጫካ ወረስኩ። ደስታዬን የት እንደምደብቀው ጠፋኝ።

«አሁንስ ምን አሉ?» አለኝ ወጣቱ።

«ሊዘንብ ነው፣ እንውረድ አሉ» አልኩት።